ግማሽ መልስ

ኢሶጋይ ዳይሳኩ የዋጋውን መውረድ የሰማው ቀዝቃዛ ኑድሉን እየበላ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቴሌቪዥኑ እንደወትሮው ክፍት ነበር። ዜና አንባቢዋ ስለ አውሎ ነፋሱ ተናግራ እንደጨረሰች፣ ፊቷን እንኳ ሳትቀይር፣ ከወጣ ገና ስድስት ወር ያልሞላው አዲሱ የእጅ ጌም በመጪው ወር ከሃያ አምስት ሺህ የን ወደ አሥራ አምስት ሺህ እንደሚወርድ አስታወቀች። ከዚያ ጥቁር ሱፍ የለበሱ የኩባንያው አለቆች ተሰልፈው ጎንበስ ሲሉ ታዩ። ይቅርታ መጠየቃቸው ነው። ማንን እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ሚስቱ ፉሚዬ ቴሌቪዥኑን ትታ ባሏን አየች። የጎረሰውን አላመጠም፣ አልተፋውም። እሷ ያወቀችው ያኔውኑ ነው፤ ይህ ሰውዬ አሁን አንድ ጅልነት ሊሠራ ነው አለች በሆዷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩዋና ከተማ ውስጥ፣ ጣራ በለበሰው የገበያ መንገድ ላይ፣ የኢሶጋይ የመጫወቻ ሱቅ ከዳይሳኩ አባት ዘመን ጀምሮ አለ። ከመንገዱ ሱቆች ግማሾቹ መዝጊያቸውን ካወረዱ ቆይተዋል፤ ሽማግሌው ሞቶ፣ ልጁ ናጎያ ገብቶ፣ የቆርቆሮው መዝጊያ ዝጎ የቀረ ብዙ ነው። ኢሶጋይ የቆየው በመንገዱ ልጆች ነው። ልጆቹ «አጎቴ» እያሉ ይገባሉ፣ ወላጆቻቸው ይከተላሉ፣ ከጌሙ የሚገኘው ትርፍ ኢምንት ቢሆንም በጌሙ ውስጥ የሚገባውን የጨዋታ ካርድ ደግመው ደጋግመው ይገዛሉ። የሱቁ እንጀራ ካርዱ ነው። ካርድ የሚገዛው ደግሞ ጌሙ ያለው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ጌሙ በመንገዱ ልጆች እጅ መግባት ነበረበት።

አዲሱ ጌም የወጣ ሰሞን ለአንድ ሳምንት ተሸጠና ቆመ። በአገሩ ሁሉ ቆመ። ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን «ሊረክስ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ወሬ የተነሣበት ዕቃ ደግሞ እንደተረገመ ነው። ሰው ውድ መግዛትን ያን ያህል አይፈራም፤ የሚፈራው በውድ የገዛ የመጨረሻው ሞኝ መሆንን ነው። እናም ሁሉም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይጠብቃል፣ ሻጩም ከሣጥኖቹ ጋር ተፋጦ ይቀመጣል።

ዳይሳኩ ሃያ ሣጥን ይዞ ነበር። ያንንም ያገኘው በልመና አይደለም፤ በማሳቀፍ ነው። የጅምላ አከፋፋዩ ወኪል ሂሮሳዋ የሚባል ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። የሚፈለገውን ዕቃ የሚሰጠው ማንም የማይፈልገውን አብረው ከወሰዱለት ብቻ ነው፤ በንግዱ ቋንቋ «ማሳቀፍ» የሚሉት ይህንን ነው። ዳይሳኩን ያሳቀፈው የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ ነበር። በሞተ ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ የማይመጣ ዓሣ የምትጠብቅበት ጨዋታ። የካርዶቹ ካርቶን ከደረጃው ሥር እስከ መፀዳጃ ቤቱ በር ተደርድሮ ስለነበር ፉሚዬ ሽንት ቤት የምትገባው በጎን ነው።

ሂሮሳዋን ዳይሳኩ ስለ ወሬው ጠይቆት ነበር። ሂሮሳዋም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ አንድ የን አይወርድም አለው። ዳይሳኩ የሰማውን ያምናል፤ ያመነውን ደግሞ ለሰው ይምላል። ለፀጉር ቤቷ ባለቤት ለኖሚያማ ማለላት፣ ለልጅ ልጇ ገዛች። የሚበላ የባሕር ዛጎል ለሚሸጠው ለማኪታ ማለለት፣ ለሁለት ልጆቹ ሁለት ገዛ። የሩዝ ኬክ ጋጋሪው፣ የጫማ ሱቁ ምራት፣ የታታሚ ምንጣፍ ሠሪው፣ ሁሉም በዳይሳኩ ቃል ገዙ። «አይወርድም። ከወረደ በእኔ ይሁን» ይላቸው ነበር። ፉሚዬ ከሒሳብ መቀበያው ሆና ይህን በሰማች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሆነ ታውቃለች። በሰኔ መጨረሻ ሣጥኖቹ፣ መስኮቱ ላይ ለእይታ ከቆመችው ከአንዷ በቀር፣ ሁሉም አለቁ። ዳይሳኩ ያን ሰሞን እያፏጨ ነበር የሚጠርገው።

አሁን የመመገቢያ እንጨቶቹን ሳህኑ ላይ አጋደማቸው።

«የማቀዝቀዣው ገንዘብ የት ነው?» አላት።

የሱቁ አየር ማቀዝቀዣ ባለፈው በጋ ሞቷል። ለአዲስ መግዣ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ገንዘብ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ነበር።

«ማንም አልጠየቀህም'ኮ» አለች ፉሚዬ።

«እስኪጠይቁኝ ልጠብቅ? ሲጠይቁኝማ ሌባ ሆንኩ ማለት አይደል?»

«ዋጋውን ያወረደው ኩባንያው ነው። አንተ ምን አገባህ? ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«በእኔ ይሁን ብያለሁ» አለ ዳይሳኩ። «ይሁና።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። ግን ፉሚዬን ከልክለሽው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር መልሷ አጭር አይሆንም። በአንድ በኩል ተናዳለች፤ የሞተ ማቀዝቀዣ ሥር የምትቀመጠው እሷ ናት። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሰው ያገባችው ለዚሁ ጅልነቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አሁንም ሲያደርገው ደረቷ ይሞቃል። ስለዚህ ገንዘቡን አውጥታ ሰጠችው።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳይሳኩ ከመሳቢያ ነጭ ፖስታዎች አወጣ፤ የመብራት ክፍያ የሚላክባቸው ዓይነት ተራ ፖስታዎች። ለያንዳንዱ ቤት ልዩነቱን፣ በጌም አሥር ሺህ፣ ከፍሎ ሊያስገባ ሲጀምር ፉሚዬ እጁን ያዘችው።

«በዚህ ነው እንዴ ልትሰጣቸው?»

«ምን አለው? ገንዘብ አይደል?»

«በዚህማ ለቀን ሠራተኛ ነው የሚሰጥ። ለጎረቤት እንዲህ ገንዘብ አይወረወርም። እኔን ታዋርደኛለህ።»

ፉሚዬ የወረቀት ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለሐዘን፣ ለምርቃት ገንዘብ የሚታሸግበትን ወፍራም ነጭ ወረቀትና የሚታሰርበትን ባለቀለም ክር ይሸጥ ነበር። የትኛው ቋጠሮ ለየትኛው ቀን እንደሆነ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት አውቃለች። ከአባቷ ሱቅ የተረፈ አንድ ጥቅል አሁንም አላት፤ እንደ ሌላ ሰው ወርቅ ነው የምታስቀምጠው። አውጥታ ዘረጋችው። ማታውን ቁጭ ብላ ለያንዳንዱ ቤት ወረቀት አጠፈች፣ ቀይና ነጩን ክር በአበባ ቋጠሮ አሰረች፣ በብሩሽ የኢሶጋይን ስም ጻፈች። እጅግ ያምር ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፉሚዬ ሞኝ አልነበረችም፣ ወረቀቱን ግን አለቀቀችም።

በማግስቱ ባልና ሚስት ከነሙሉ ልብሳቸው በዚያ ሙቀት ቤት ለቤት ዞሩ። በየደጃፉ ጎንበስ አሉ፤ ዳይሳኩ ቃሌ ሳይሆን ቀርቶ አስቸገርኳችሁ አለ፤ ፉሚዬ በሁለት እጇ አቀረበች። ሰዎቹ እንደ ደንቡ አይሆንም አሉ፤ እነሱም እንደ ደንቡ ተጫኗቸው፤ በመጨረሻ ተቀበሏቸው። ኖሚያማ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ ፉሚዬ አስተውላለች። በክሩ ውበት ተደንቃ ነው ብላ አሰበች። የዛጎል ነጋዴው ማኪታ ብቻ ሳቀ።

«ኢሶጋይ ሳን» አለ በአክብሮት መጠሪያው፣ እርጥብ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ፣ «እኔ'ኮ ዛጎል በረከሰ ቁጥር ትናንት የገዛኝ ሰው ቤት ብሄድ፣ ይሄኔ ዛጎሉ ውስጥ ነበር የምኖረው።»

ሲመለሱ ዳይሳኩ ጣፋጭ የፈሰሰበት የተፈጨ በረዶ ገዛላት። ከሱቃቸው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሰውየው ደስ ብሎት ነበር፤ ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው ደስታ ቀላል ነው። ፉሚዬም ኮርታለች፤ ይህን መንገዱ ለልጅ ልጅ ያወራዋል ብላ አምናለች። ማቀዝቀዣውንም ለጊዜው ረሳችው።

የመጀመሪያው ሣጥን የመጣው በሦስተኛው ቀን ከጫማ ሱቁ ምራት ነው፤ ከናጎያ ትልቅ መደብር የተገዛ የፎጣ ስብስብ፣ በመደብሩ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከላይ ክር የተሳለበት። ፉሚዬ ሣጥኑን ተቀብላ ዋጋውን በዓይኗ መዘነችው። አምስት ሺህ የን ይሆናል። ያሰረችው ክር ያኔ ትዝ አላት።

በዚያ አገር በክር የታሰረ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግማሹን የሚያክል ዕቃ ገዝቶ ይመልሳል። ግማሽ መልስ ነው ስሙ። የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፈ ሕግ ግን ይከብዳል። ይህንን ፉሚዬ የማታውቅ ቢሆን ኖሮ ምናለበት፤ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አባቷ ክሩን በሚሸጥበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። ትርፍ የተከፈለ ገንዘብ ሲመለስ መልስ ነው፤ ተቀባዩ ይቆጥርና ኪሱ ይከታል። ክር ሲያስሩበት ግን ስጦታ ይሆናል፤ ስጦታ ደግሞ ውለታ ነው። እሷ በገዛ ጣቶቿ፣ ለውበት ብላ፣ የሰዎቹን የራሳቸውን ገንዘብ ውለታ አድርጋ ቤታቸው ድረስ አስገባችባቸው።

ከዚያ ሳያቋርጥ መጣ። የምግብ ዘይት በሣጥን፣ ሳሙና፣ በእንጨት ሣጥን የተኛ ሐብሐብ፣ ከታታሚ ሠሪው የደረቀ ሻይ። ማኪታ ዛጎል በባልዲ አመጣ፣ ለሁለት ጌም ሁለት ባልዲ። ዛጎሉን ቀቅለው በሉ፣ ጠብሰው በሉ፣ በሾርባ በሉ፤ በመጨረሻ ሽታው ሲመጣ ፉሚዬ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከዓሣ ማጥመጃው ካርቶን ላይ የፎጣው ሣጥን ተደረበ። ዳይሳኩ በያንዳንዱ ሣጥን ልቡ እየተነካ፣ እያየሽ ነው ይላት ነበር፣ ሰው እንዲህ ነው። እሷ ያየችው ሌላ ነው። ጌሙን በሃያ አምስት ሺህ ገዝታ በሰላም ተኝታ የነበረች እናት፣ ሥራዋን ትታ ባቡር ተሳፍራ ናጎያ ሄዳ ፎጣ ስትመርጥ ነው ያየችው። ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ልትነግረው አፏን በከፈተች ቁጥር የመንደሩን ደግነት ሲቆጥርላት ታገኘዋለች።

ዋጋው የሚወርድበት ቀን ደረሰ። ሂሮሳዋ አዳዲስ ሣጥኖች በዱቤ አምጥቶ ነበር፤ ዳይሳኩ ከማለዳው ጠርጎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ አዲሱን ዋጋ በቀይ ጽፎ ከበሩ ላይ ሰቀለ። ሱቁ ውስጥ አንዲት ማራገቢያ ትዞራለች፤ ሙቀቱን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ከማመላለስ በቀር አትሠራም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አንድ መንገደኛ ለልጁ ገዛ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ማታ በዜና አገር ሁሉ ጌሙን ሲሻማ ታየ፤ በአንድ ቀን የተሸጠው ቀድሞ በወር ከሚሸጠው እንደሚበልጥ ተነገረ። ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለው ትልቁ መደብርም ታየ። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወርዷል። ካሜራው ሲያልፍ ፉሚዬ በሰልፉ ውስጥ የሩዝ ኬክ ጋጋሪውን ትልቅ ልጅ አየች። ዳይሳኩም አይቶታል። ለወንድሙ እየገዛ ይሆናል አለ።

ጎረቤቶቹ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በሱቁ ፊት ሲያልፉ እንደ ድሮው ራሳቸውን ነቅንቀው አያልፉም። ቆም ይሉና ከወገባቸው ታጥፈው ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። ጎንበስ ማለታቸው ጨመረ፣ መግባታቸው ቀረ። ልጆቻቸው በማዶኛው በኩል ነው የሚያልፉት።

ሂሮሳዋ በወሩ መጨረሻ መጣ፣ ላቡን እየጠረገና እየሳቀ። ኩባንያው ለሱቆች አዝኗል አለ፤ ዋጋው ከመውረዱ በፊት በውድ ተገዝቶ ላልተሸጠ ለያንዳንዱ ጌም ልዩነቱን ይተካል።

«ስንት ቀርቶብዎት ነበር?» ብሎ ብዕሩን አወጣ።

«አንድ» አለ ዳይሳኩ። «የመስኮቱ።»

ሂሮሳዋ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ወይ ኢሶጋይ ሳን» አለ፣ በእውነት እያዘነ። «ከጎረቤት ከተማ ያለው ሰውዬ ሠላሳውንም አቧራ አስበልቷቸው ነበር። ሙሉውን ተተካለት። እርስዎን የጎዳዎት መሸጥዎ ነው።»

በዚህም አላበቃም። ኩባንያው ቀድመው በውድ የገዙትን ሊክስ ብሎ በጌማቸው ላይ የድሮ ጨዋታዎችን በነፃ ላከላቸው፤ ዓመት ቢጫወቱት የማያልቅ። ነፃ እያለ ካርድ የሚገዛ ልጅ የለም። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ዋጋው ወረደ፣ ሽያጩ ጣራ ነካ፣ ኩባንያው ዳነ፣ ትልቁ መደብር ከበረ፣ አቧራ ያስበላው ሰውዬ ተካሰ፣ ልጆቹ ነፃ ጨዋታ አገኙ። ተግቶ የሸጠና ቃሉን የጠበቀ አንድ ሰው ብቻ ነው ማራገቢያ ሥር የቀረው። ይህን ፍርድ የሚሰማ ዳኛ የት እንዳለ እንጃ።

ፉሚዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ኖሚያማ ደንበኛ አልነበራትም፤ ወለሉን እየጠረገች ነው። ስታያት መጥረጊያውን አስደግፋ ከወገቧ ታጠፈች።

«ይተዉ እባክዎ» አለች ፉሚዬ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ምን አድርገናችሁ ነው?»

ኖሚያማ ወንበር ሰጠቻትና ራሷ ሳትቀመጥ ቀረች። «አይቆጡኝ፣ ፉሚዬ ሳን። ባለቤትዎ ጥሩ ሰው ናቸው። የከበደንም እሱ ነው።»

«ምኑ?»

«የልጅ ልጄ አዲስ ካርድ አማራት። ያ በነፃ የመጣው የአሮጊት ጨዋታ ነው አለችኝ። ወደ ትልቁ መደብር የላክኋት እኔ ነኝ። እዚያ ገንዘብ ተቀባዩ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ትከፍላለች፣ ትወጣለች፣ አለቀ። እናንተ ጋ ብትመጣ ግን ኢሶጋይ ሳን ሳይቀንሱላት አይሸኟትም። እሳቸው ከቀነሱ እኔ ደግሞ ፎጣ ፍለጋ ናጎያ ልወርድ ነው? ወገቤ'ኮ አይችልም።»

ኖሚያማ መጥረጊያውን አነሣችና መልሳ አስደገፈችው።

«ልንገርዎት ከተባለማ፣ ያ ክር ባይኖር ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች። «ባለቤትዎ ብቻቸውን ብቅ ብለው፣ ‹ኖሚያማ ሳን፣ መልስዎትን እንኩ› ብለው እጄ ላይ ጣል ቢያደርጉት፣ አመስግኜ ማታውን ሥጋ እገዛበት ነበር። ያን የመሰለ ቋጠሮ ሳይ ግን ልቤ ወረደ። ማን ነው ያሰረው ብዬ ጠይቄም ነበር። እንዲህ አሳምሮ የሚያስር ሰው አሁን የለም'ኮ።»

ፉሚዬ አመስግና ወጣች። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠችው አታስታውስም። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ልትቆርጣቸው ብትችል ደስ ባላት ነበር። ቤት ስትደርስ ዳይሳኩ ማራገቢያዋን ፈትቶ ዘይት እየቀባት ነው። ሁሉንም ልትነግረው ቆርጣ ነው የገባችው፤ እኔ ነኝ ልትለው፤ አንተ ልክ ነበርክ፣ ተራው ፖስታ ይበቃ ነበር ልትለው። እሱ ቀና ሳይል፣ ሙቀቱ ነው አላት። እዚህ እቶን ውስጥ ማን ልጅ ይገባል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ይመጣሉ። ያን እምነቱን የምታፈርስበት አንጀት አልነበራትም። ማራገቢያዋን ያዘችለት፣ እሱ ብሎኑን አጠበቀ።

ሙቀቱ በረደ። ማንም አልመጣም። ቅጠሉ ረገፈ፤ አዲስ ዓመት መጣ፤ ድሮ ልጆቹ ከዘመድ የተሰጣቸውን የበዓል ገንዘብ ይዘው እየሮጡ ከበሩ ላይ የሚጋጩበት ሰሞን ነው። ያን ዓመት በብስክሌት ወደ አውራ ጎዳናው ሲነዱ በመስኮቱ አየቻቸው። ዳይሳኩ ለሕፃናቱ ያዘጋጀው የመንደሪን ቅርጫት ባለበት ሻገተ። የሂሮሳዋ ዱቤ ቀኑ ደረሰ። በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ዳይሳኩ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንዝጋ አለ። ፉሚዬ እሺ አለችው።

ሱቅ ሲዘጋ ያለው ሁሉ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ማስታወቂያው በተሰቀለ ማግስት በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰለፈ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የጫማ ሱቁ ምራት፣ የታታሚ ሠሪው፣ የሩዝ ኬክ ጋጋሪው ከነልጆቹ፣ ከበጋ ወዲህ እግራቸው ያልረገጠው ሁሉ መጡ። ከሚዘጋ ሱቅ የሚገዛ ሰው ውለታ የለበትም፤ ነገ ጎረቤቱ አይሆንምና። ስለዚህ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ይስቃሉ፣ ይሻማሉ፣ ቅርጫት ይሞላሉ። ጌሞቹ በአንድ ሰዓት አለቁ። ያ የተረገመው የዓሣ ማጥመጃ እንኳ ካርቶን በካርቶን ወጣ። ማኪታ አንድ ገዝቶ፣ «ከባሕሩ ያጣሁትን ከዚህ ባገኝ» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ልጆቹ እንደ ድሮው «አጎቴ» እያሉ ይጠሩታል። ፉሚዬ ስትጠቀልልና ገንዘብ ስትቀበል ጥርሷን ነክሳ ነው፤ ዋጋ ሲቀንሱ ሰው እንደሚመጣ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

ዳይሳኩ በላብ ተነክሮ አጠገቧ ደረሰ። ዓይኑ ያበራል።

«አየሽ?» አላት። «ሙቀቱ ነው ያልኩሽ።»

ማታ የመጨረሻው ደንበኛ ወጥቶ መዝጊያውን ሊያወርዱ ሲሉ ኖሚያማና ማኪታ መጡ። ከመንገዱ ሰዎች ሁሉ ነው አሉ። ኖሚያማ ከእጅጌዋ አንድ ፖስታ አውጥታ ለዳይሳኩ ሰጠችው። ተራ ነጭ ፖስታ ነው፤ የመብራት ክፍያ የሚላክበት ዓይነት። ክር የለው፣ የብሩሽ ጽሕፈት የለው። በፉሚዬ በኩል አላየችም።

ዳይሳኩ አለቀሰ። ያን ያህል ዓመት አብራው ኖራ ሲያለቅስ ስታየው ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ጎንበስ ብሎ ቀረ፣ ማኪታ ትከሻውን ይዞ እስኪያቀናው ድረስ። ከሄዱ በኋላ ፖስታውን ለሚስቱ ሰጥቶ መዝጊያውን ጎትቶ አወረደው።

ፉሚዬ ክፍሏ ገብታ ቆጠረች። ሁለተኛ መቁጠር አላስፈለጋትም። በበጋ በየቤቱ ያዞሩት ገንዘብ ልክ ግማሽ ነው። አንዱን ግማሽ በፎጣ፣ በዘይትና በዛጎል መልሰዋል፤ ሁለተኛው ግማሽ ይኸው። ተሰብስበው፣ አስልተው፣ አዋጥተው ነው። አንድ የን አልጎደለም፣ አንድ የን አልተረፈም።

ዳይሳኩ ዓይኑን እየጠረገ ገባ። «ይሄን ያህል ይወዱን ነበር ማለት ነው» አለ። «ምን ብንመልስላቸው ይሻላል? እስቲ ያን ወረቀትሽን አውጪው።»

«ክር የለውም» አለች ፉሚዬ።

«እና?»

«ክር ከሌለው መልስ የለውም።»

ዳይሳኩ ፖስታውን ወስዶ አገላበጠው። «እነሱ ደግሞ ጨዋነታቸው» አለ፤ «እንዳንቸገር ብለው'ኮ ነው።» ከዚያ ሻዩን ሊያፈላ ተነሣ። ፉሚዬ ምንም አልነገረችውም፤ እስክትሞትም አትነግረውም። ፖስታውን ብርድ ልብሱ ሥር፣ የማቀዝቀዣው ገንዘብ ከነበረበት ቦታ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት አትክልት ልትገዛ ወጥታ በፀጉር ቤቱ በኩል አለፈች። ኖሚያማ ደጃፏን ውሃ ትረጫለች። ፉሚዬን ስታይ እንደ በጋው አልታጠፈችም። አንገቷን ብቻ ትንሽ ዝቅ አደረገች፣ ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ እንደሚደረገው፣ ከዚያ ወደ ባልዲዋ ተመለሰች።